ነጩን ስጪኝ

ይህን ተረት አድርጋችሁ እንዳታነቡት። ሆኗል።

የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ በ1957 ዓ.ም. ክረምት፣ ከምባታ አገር፣ ሺንሺቾ ውስጥ። የጀመረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሰው ክፉ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል... አይደለም።

የደረሰው በገነቴ ላይ ነው። ገነቴ እናቴ ናት። በስሟ የምጠራት "እናቴ" ብዬ ከጀመርኩ ስለማልጨርሰው ነው። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። የነገረችኝም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። አሁን እኔም የልጆች እናት ነኝ። ከልጆቼ አንዱ የለመደውን ቃል ሲለውጥ ልቤ ይወርዳል። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

ገነቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ በስፌት መኪናዋ የተማሪ ካኪ ትሰፋ ነበር። ልጇ ሂሩት ከውስጥ ወጥታ አጠገቧ ቆመች። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ የፊት ጥርሷ ገና መነቃነቅ መጀመሩ ነው።

"ነጩን ስጪኝ" አለች።

"ምኑን?"

"ነጩን። የላሟን።"

ገነቴ ሳቀች። ተነስታ ወተት ቀዳችላት። ልጅቷ ጠጣች፣ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች፣ ተመልሳ ገባች።

በቃ። ይኸው ነው።

ገነቴ እስከ ዛሬ ከሁሉም በላይ የምታፍረው በዚያ ሳቋ ነው።

ለምን እንደሳቀች ልንገራችሁ። ገነቴ የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ሀዲያ። ሚሽን ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ባሏ ኤሊያስ አስተማሪ ነው፤ ከምባታ። እሷ ከምባትኛ አትችልም፣ እሱ ሀዲይኛ አይችልም፤ ስለዚህ በቤታቸው የሚነገረው አማርኛ ነበር።

ከምባታ አገር ያገባች ሴት የባሏን ወላጆችና አያቶች ስም አትጠራም። ባሊሻ ይሉታል። ስሙን መተው ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ስሙ በሚጀምርበት ፊደል የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትሸሻለች፤ በምትኩ ሌላ ቃል ትፈልጋለች። ዓይናቸውንም አታይም። ሲያናግሯት መሬት መሬት ታያለች።

በኤሊያስ ቤት ትልቋ ሰው እማማ ነበሩ። ስማቸው በ"ቡ" ይጀምራል። ከዚህ በላይ እኔም አልጽፈውም። ገነቴ እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ "ቡና" የሚል ቃል ካፏ ወጥቶ አያውቅም። "ጥቁሩ" ነበር የምትለው። ባለሱቁ ሱልጣን ይህን እያወቀ ገበያተኛ ፊት ያሾፍባት ነበር።

"እሺ የኔ እመቤት፣ ምን ልስጥሽ?"

"ጥቁሩን።"

"ጥቁሩን ምን? ጥቁር ክር? ጥቁር ጃንጥላ? ጥቁር በግም አለኝ እኮ!"

"ሱልጣን፣ በናትህ ተወኝ።"

"አንዴ ብቻ ስሙን ጥሪና በነፃ ውሰጂ!"

ገበያው ይስቃል፤ ገነቴ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች።

እና ሂሩት "ነጩን ስጪኝ" ስትላት ልጇ እሷን የምታስመስል መሰላት። እናት "ጥቁሩ" ትላለች፣ ልጅ ደግሞ "ነጩ"።

"ወተት" ግን በ"ቡ" አይጀምርም።

ይህን ያሰበችው ከረፈደ በኋላ ነው...

እማማ ስንት ዓመታቸው ነበር? የሚያውቅ የለም።

ኤሊያስ "የአያቴ አያት ናት" ይላል። አባቱም በሕይወት ሳለ "የአያቴ አያት ናት" ይል ነበር። አባትና ልጅ አንድ ነገር እያሉ ሁለቱም እንዴት ልክ ይሆናሉ ብሎ የጠየቀ የለም። የጎረቤቱ ሽማግሌ አቶ ዋለ ደግሞ በባዶ ድዳቸው እየሳቁ "እኔ ጥርስ ሳላወጣ የሷ አልቆ ነበር" ይላሉ።

ሰውነታቸው አልታመመም። አንሶ፣ ደርቆ፣ እንደ ቆየ ቆዳ ጠንክሮ ተቀምጧል። ያስቸገራቸው ራሳቸው ነው። ጃጅተው አይደለም። የጃጀ ሰው ይጎድልበታል፤ የሳቸው ግን ሞልቶ ነበር።

"ራሴ ሞልቷል ልጄ" ይላሉ። "ትናንት የበላሁትን የት ላስቀምጠው? ቦታ የለም።"

የከብት እልቂቱን ያስታውሳሉ። ክፉ ቀኑን ያስታውሳሉ። ከዚያ በፊት የነበረ፣ ሌላ ሰው ሰምቶት የማያውቅ ረሃብም ያስታውሳሉ። አንድ አዲስ ሰው ለማወቅ አንድ የሞተ ሰው ማውጣት ነበረባቸው። ኤሊያስ በዚህ ይቀልድ ነበር፤ "እማማ ያንቺን ስም ለመያዝ ሁለት አጎቶቼን ጥላለች!" ይላት ነበር ገነቴን።

አንዳንዴ ግን ግንባራቸውን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ይዘው፣ በሹክሹክታ...

"ሦስት ሰርግ ትዝ ይለኛል። በሦስቱም ሙሽራዋ እኔ ነኝ። እኔ ግን ያገባሁት አንዴ ነው። የማን ናቸው ሁለቱ?"

በዚህ ጊዜ ኤሊያስም አይቀልድም ነበር።

ስለዚህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው አጠገባቸው ይቀመጣል። እሳቸው ያወራሉ፣ ያ ሰው ይሰማል። ሲያወሩ የሰሚውን እጅ አንጓው ላይ ይይዛሉ። ካወሩ በኋላ ቀለል ይላቸውና ይተኛሉ። መስማት የሙሽራ ሥራ ነው። ገነቴ ልጅ ከወለደች በኋላም በዚያ ቤት ስሟ "ሙሽራ" ነበር፤ ከሷ በኋላ የገባ ሙሽራ የለማ።

ሰማች። ዓመት ሰማች፣ ሌላም ዓመት ሰማች... ሰለቻት። ደረቅ ጣታቸው አንጓዋ ላይ ሲያርፍ ይቀፋት ጀመር። ሂሩት ቁጭ ብላ መስማት የምትችልበት ዕድሜ ላይ ስትደርስ፣ ገነቴ የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አወጣችና ልጇን በሷ ቦታ ላከቻት።

"ሂጂ፤ እማማ ተረት ይነግሩሻል።"

በዚያ ክረምት ኤሊያስ ለአስተማሪዎች ኮርስ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ተይ የሚላት የለም። ልጅቷ አደብ ገዝታ ትውላለች፤ አሮጊቷ ይረካሉ፤ ስፌቱ ያልቃል።

"ተመችቶኝ ነበር" አለችኝ።

ከነጩ በኋላ ሌሎች ተከተሉ።

ሂሩት አጥር ላይ ወፍ አይታ "ያቺ በራሪዋ" አለች።

ወጥ ሲቀርብላት "ማባያው ጨው የለውም" አለች።

ወንበሩን "መቀመጫው" አለችው።

"ጎበዝ የኔ ሙሽራ!" እያለች ገነቴ ታሾፍባታለች። ልጅቷ ግን አትስቅም። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ አንገቷን ትደፋለች...

አንድ ጠዋት ገነቴ ፀጉሯን ልትሠራላት ጉልበቷ ሥር አስቀመጠቻት። ልጅቷ አፍንጫዋን በመዳፏ ይዛለች።

"ምነው ሂሩትዬ? አሞሻል?"

"ሽታው አልለቀቀኝም።"

"የምን ሽታ?"

"የከብቶቹ። የሚቀብራቸው አልነበረም እኮ። ሰዉም አቅም አልነበረውም።"

የገነቴ እጅ ፀጉሩ ላይ ቆመ።

"ይሄን እማማ ናቸው የነገሩሽ?"

ሂሩት ዞር ብላ አየቻት። እንግዳ ቤት ሲገባ እንደሚያዩት ነው ያየቻት፤ ደህና ሰው መሆኑን እንደሚያረጋግጡት።

"ማንም አልነገረኝም። ነበርኩ።"

ገነቴ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። "ልጅ የሰማውን ይደግማል" አለች ለራሷ። እሑድ ጸሎት ቤት ሄዳ ከሌላው ቀን አጥብቃ ጸለየች። ለሰው ግን ትንፍሽ አላለችም። ምን ብላ? ሚሽን የተማረች ሴት፣ የአስተማሪ ሚስት፣ "አሮጊቷ ልጄን እንዲህ አደረጉብኝ" ብላ? ሰዎቹስ "አንቺ የት ነበርሽ?" አይሏትም?

አፈረች። ስለዚህ ዝም አለች። ልጇንም በማግስቱ እንደገና ላከቻት፤ ብታስቀራት ምክንያቱን መናገር ሊኖርባት ነው።

በዚያ ቀን ክር ልትወስድ ስትገባ በክፍት በር ወደ ጓዳ አየች። እማማ ቁርበታቸው ላይ ናቸው። ሂሩት ፊት ለፊታቸው ናት። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

እማማ አያወሩም። አፋቸው ገጥሟል።

የሚንቀሳቀሰው የልጅቷ ከንፈር ነበር...

ምን እንደምትል አይሰማም። እማማ ግን እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በደስታ፣ አዲስ ነገር እንደሚሰማ ሰው።

ገነቴ ክሩን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ እማማ ተሻላቸው። ግንባራቸውን መያዝ ተዉ። ስኳር ይለምናሉ። ብቻቸውን ይስቃሉ። ገነቴ ቆጮ በአይብ ስታቀርብላቸው ሳሕኑን ገፋ አደረጉት።

"ወተት ነው የምፈልገው!"

"እሺ እማማ" አለች መሬት መሬት እያየች። ቀዳች፤ ሰጠቻቸው።

ያን ቀንም ምንም አልገባትም።

እንዲገባት ያደረገችው የኤሊያስ ታላቅ እህት ትርፊት ናት። አዲሎ ነው የተዳረችው። በገበያ ቀን እግረ መንገዷን መጣች፤ ገና ከደጅ ድምፅዋ ቤቱን ሞላው።

"ኧረ ይቺ የሆሳዕና ልጅ ከስታለች! ወንድሜ ሲሄድ ጾም ያዝሽ እንዴ?"

ሂሩት ከጓዳ ብቅ አለች። እንደ ሌላ ጊዜው ሮጣ አልተጠመጠመችባትም። በግድግዳው ጥግ ጥግ አለፈች።

"ነይ እንጂ ሳሚኝ! ምን ሆነሽ ነው የምትሽኮረመሚው? ያመጣሁልሽን ካወቅሽ ያንቺ ነው። ቅመሺ... ምንድን ነው?"

ልጅቷ በጣቷ ቀመሰች።

"ጣፋጩ ነው።"

"ጣፋጩማ ነው። ስሙስ? ወ... ወለ..."

"አልልም።"

"ወለላ! በይ፣ ወለላ!"

"እንዴት ብዬ?" አለች ሂሩት ቀስ ብላ። "ነውር አይደለም?"

የትርፊት ሳቅ መሃል ላይ ተቆረጠ።

ልጅቷን ወደ ደጅ ላከቻት። በሩን መለስ አደረገች። ከዚያ ገነቴን ክንዷን ይዛ...

"ይቺ ልጅ 'ወ'ን መሸሽ የጀመረችው መቼ ነው?"

"ምኑን?"

"'ወ'ን! ወለላ፣ ወተት፣ ወፍ..."

ነጩ። በራሪዋ። ማባያው። መቀመጫው...

"እኔን እያስመሰለች መስሎኝ..."

"አንቺ የምትሸሺው 'ቡ'ን ነው።"

"አዎ።"

"በዚህ ቤት 'ወ'ን የሚሸሽ አንድ ሰው ብቻ ነው።" ትርፊት ወደ ጓዳው አየች፤ ድምፅዋን ይበልጥ አወረደች። "የእማማ አማት ስሙ ወሌቦ ነበር። ዘር ስንቆጥር ነው እኛ የምናውቀው፤ አይቶት የሚያውቅ የለም። እማማ በዕድሜ ልካቸው 'ወተት' ብለው አያውቁም።"



"ብለዋል" አለች ገነቴ።

"ምን?"

"ሰሞኑን። 'ወተት ነው የምፈልገው' አሉኝ።"

ትርፊት ክንዷን ለቀቀቻት።

"ማነው አጠገባቸው የሚቀመጠው?"

ገነቴ ቀሚሷን ታስተካክል ጀመር።

"ገነቴ። ማነው የሚሰማቸው?"

"ስፌት በዝቶብኝ..."

"ሂሩት ናት?"

"ስፌት በዝቶብኝ ነው፣ እታለም..."

ትርፊት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

"ሥራው ለሙሽራ የተሰጠው ለምን ይመስልሻል? ለክብርሽ? ትልቅ ሰው ራሱ በራሱ ነገር የሞላ ነው፤ ሌላ ቢጨምሩበት ይፈስሳል፣ ይረሳዋል። ልጅ ግን ይይዛል። ልጅ ያላት ትንሽ ነገር ናት... ብዙ ሲገባባት ያቺ ትንሿ ትወጣለች። ወጥታ የት ትሄዳለች ብለሽ ነው?"

"ምን ላድርግ? ልጄን ምን ላድርጋት?"

"ለያዪያቸው። ዛሬውኑ። ኤሊያስ እስኪመጣ እማማን ማድቤት አስተኚያቸውና በሩን ዝጊ።"

ስትወጣ ሂሩት በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ትርፊት ሳትስማት አለፈች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ጉሙ በእንሰቱ ላይ ሲወርድ፣ ገነቴ እማማን ከቁርበታቸው አስነሳቻቸው። አሮጊት፣ ያውም የቤቱን ባለቤት፣ በክረምት ከቤት ማውጣት... ማንም ባያይ ብላ ነበር። አቶ ዋለ ግን በአጥሩ ማዶ ቆመው አዩ።

"ልጄ፣ በዚህ ብርድ ወዴት ነው?"

"ማድቤቱ ይሞቃቸዋል ብዬ ነው አባባ።"

አቶ ዋለ አንገታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። የገነቴ ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ።

እማማ አልተከራከሩም። እጇን ያዙ። እንደ ድሮው አንጓዋን አይደለም... አንድ ጣቷን ብቻ፣ ጭብጥ አድርገው።

ግቢው መሃል ዝናብ ያቆረው ውሃ ነበር። ሌላ ጊዜ ዞረው ያልፉታል። ያን ምሽት ሁለት እግራቸውን ገጥመው ዘለሉበት። ጭቃው የገነቴ ቀሚስ ላይ ተረጨ። ሳቁ።

ገነቴ ፊታቸውን አላየችም። አይታይማ።

ቁርበቱን አነጠፈችላቸው። እሳቱን ቆሰቆሰች። ጋቢ ደርባላቸው፣ የማድቤቱን በር ገርበብ አድርጋ ወደ ቤት ሮጠች።

ሂሩት ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋለች።

"አለቀ" አለቻት ገነቴ እያለከለከች። "አለቀ የኔ ልጅ። አሁን ሁለታችን ብቻ ነን።"



ገነቴ በሩን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች። ያኔ ከግቢው ሰማች...

ችፍ። ችፍ። ችፍ። በጭቃ ላይ ሩጫ።

አሮጊት አትሮጥም።

በሩ ተንኳኳ፤ ከታች በኩል።

"እማዬ..."

ድምፁ የእማማ ነው። የተሰነጠቀ፣ የደረቀ ድምፅ።

"እማዬ ክፈቺልኝ... እዚያ ጅብ አለ።"

ገነቴ እንጨት ሆነች።

"ጥፋት አላጠፋሁም እኮ። የፋኖሱን ነገር ለአባዬ አልነገርኩትም። ድመቷ ናት ነው ያልኩት... አንቺ እንዳልሽኝ... እማዬ?"

የፋኖሱን ብርጭቆ የሰበረችው ራሷ ገነቴ ነበረች። ኤሊያስ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ያመጣው ነው። ልጇን አቅፋ፣ በጆሮዋ፣ "ድመቷ ናት እንበለው፤ የኔና ያንቺ ምስጢር ነው" ያለቻት እሷ ናት። ሦስተኛ ሰው አልነበረም።

ቀስ ብላ ወደ ወንበሩ ዞረች።

"ሂሩትዬ..."

"አቤት።"

"ፋኖሱን ማነው የሰበረው?"

"የምን ፋኖስ?"

"ከአባትሽ የደበቅነው። እኔና አንቺ..."

ልጅቷ አሰበች። ከልቧ አሰበች፤ ሩቅ እየሄደች፣ ብዙ ነገር እያገላበጠች። በመጨረሻ ሰለቻትና እጇን አወናጨፈች።

"በስንቱ ቤት ስንት ነገር ተሰብሯል።"

ከውጭ ጥፍር እንጨቱን ጫር ጫር አደረገው።

"እማዬ፣ በርዶኛል።"

አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ብታይ ታውቀው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። ገነቴ በሩን ጎተተች... ጣት የሚያሾልክ ያህል ከፈተችው። ቀዝቃዛ ንፋስ ገባ።

"ዝጊው።"

ከኋላዋ ነው። ድምፁ የሂሩት፣ ቀጭን፣ ጥርት ያለ የልጅ ድምፅ። አባባሉ ግን...

"ዝጊው እንጂ። ሙሽራ ደጃፍ ላይ አይቆምም።"

ገነቴ እዚያ ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ በዚያ አባባል ስትታዘዝ ኖራለች። ማሰብ አላስፈለጋትም። አንገቷ ራሱ ተደፋ። ዓይኗ መሬት ያዘ።

መሬቱ ላይ፣ በበሩና በደፉ መሃል፣ የተጨማደዱ ጣቶች ገብተው ነበር።

"እሺ፣ እማማ" አለች።

ለማን እንደመለሰች የገባት ካለች በኋላ ነው።

ጣቶቹ አንድ በአንድ ወጡ... የተቆጡት ልጅ እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብለው።

ገነቴም በሩን ገጠመችና መቀርቀሪያውን ጣለችው።